ልጄ ዶሮ በኮክ የሠራች ቀን

የዶሮ ቆዳ በቤታችን ተበልቶ አያውቅም። እናቴ አልበላችም፣ እኔም አልበላሁም። ዶሮ ከታረደ በኋላ በፈላ ውኃ ተነክሮ ላባው ይነጫል፣ በነበልባል ይለበለባል፣ ከዚያ ቆዳው ይገፈፋል። ብልት ብልቱ ከወጣ በኋላ በጨውና በሎሚ እየታሸ፣ የሚታጠብበት ውኃ ጥርት እስኪል ድረስ ይታጠባል። ቆዳው የድመት ነው። እጄ ይህን ሲሠራ እኔን አያማክረኝም።

በዚያ ክረምት ከአረብ አገር የተመለሰችው ልጄ፣ «ዛሬ ዶሮውን እኔ እሠራዋለሁ፤ በኮክ ነው የምሠራው» አለችኝ እንጂ ቆዳውን አትግፈፊው አላለችኝም። ሦስት ዓመት በሰው አገር ወጥ ቤት የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር መናገር ያስፈልጋል ብሎ አያስብም። እኔም አልጠየቅኋትም። ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ሳልጠይቅ የማልሠራ ሴት ነኝ፤ በር ዘግቼ ተመልሼ የምፈትሽ፣ ልጅ ባነጠሰ ቁጥር ግንባሩን የምዳብስ። ያን ቀን ግን አልጠየቅኩም። ለምን እንዳልጠየቅኩ እስካሁን አስባለሁ።

ልጄ ወደ አረብ አገር የሄደችው ልጇ ጡት በጣለች ማግስት ነበር። አባትየው ሌላ አግብቶ ወደ ቆላ ወርዷል። ጊዜው አገሩ ሁሉ ለውጥ መጣ የሚልበት ነበር። ባለቤቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያመሻል፤ ሐይቅ ከተማም ወጣቱ በየመንገዱ ሲጨፍር እናይ ነበር። የኛ ቤት ጣራ ግን ያው ያፈስ ነበር፤ የልጄ ጓደኞችም አንድ በአንድ ሄደው አልቀዋል። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመጣለሁ፤ አንቺ ብቻ ያዢልኝ» አለችኝ። ያዝኩላት።

እዚያ ከገባች በኋላ በስልክ ፊቷን እያሳየች ታናግረን ጀመር። ያኔ አንድ ነገር ያስፈራኝ ነበር። በሰፈራችን አንድ ሕፃን ነበር፤ የሱም እናት አረብ አገር ናት። በስልኩ ባያት ቁጥር «እማ ነይ» እያለ ሲያለቅስ ያመሻል። እህል እምቢ አለ፣ ከሳ፣ አያቱ አዝላው ጤና ጣቢያ ስትመላለስ ከረመች። የኔዋም እንደሱ እንዳትሆን ብዬ፣ ልጄ በስልኩ ስትታይ ለሕፃኗ፣ «ይቺ እትዬ ናት፤ እትዬን ሰላም በያት» አልኳት። ታላቅ እህትሽ ናት ማለቴ ነው።

 መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሄሎ፣ ሄሎ ስል፣ «አለሁ፣ እማ» አለችኝ። ምክንያቱን ነገርኳት፤ እሷም ሕፃኗ እንዳትጨነቅ እንዲያ ይሻላል አለች። ስለዚህ ነገሩ በስምምነት የተደረገ ነው። እኔም ለራሴ ስነግረው የኖርኩት እንዲህ ብዬ ነው።

ሕፃኗ አፍ ስትፈታ እኔን እማ አለችኝ። እኔ አላስተማርኳትም፤ ልጄ በስልክ እማ ስትለኝ እየሰማች ነው። ግን አላረምኳትም። አያት ነኝ ማለት ይቻል ነበር፤ ቃሉ ከባድ አይደለም። አንድ ቀን ባለቤቴ፣ «ቆይ፣ ይቺ ልጅ ሲቆጠር ለኔ ምኔ ናት? አንቺን እማ ካለች እኔ አዲስ ልጅ ወልጃለሁ ማለት ነው» ብሎ ሲቀልድ አብሬው ሳቅኩ። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ከኋላዬ እማ እያለ የሚሮጥ ልጅ ማግኘት ምን ያህል ደስ እንደሚል እሱ አያውቅም። ልጄን ያሳደግኩት በሥራ ተወጥሬ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ገበያ ስወጣ፣ ስቆጣ ነው። ይቺን ግን ቁጭ ብዬ አሳደግኳት።

ልጄ የመጣችው ክረምቱ ሲገባ ነው። አሠሪዎቿ ኑሯቸው ተናግቶ አሰናበቷት። ሻንጣዋን ከባጃጅ ስታወርድ ሕፃኗ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ተደበቀች። አሻንጉሊት ስትሰጣት ወጣች፣ ተቀበለች፣ አመሰገነች። ከዚያም እንደ ማንኛውም እንግዳ፣ «እትዬ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ፈገግ አለች። ሻንጣውን ለመክፈት ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

እኔ ደነገጥኩ፤ አዘንኩም። ከሐዘኑ በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ያን ጊዜ አልመረመርኩትም።

በዚያው ሰሞን ከወልድያ በኩል ሰው መፍሰስ ጀመረ። ጦርነቱ ወደኛ እየቀረበ ነበር። በአይሱዙ የሚመጣ አለ፤ ፍየሉን እየነዳ በእግሩ የሚመጣ አለ። ትምህርት ቤቱ በተፈናቃይ ሞላ፤ እኛም ያለንን ቆሎና ብርድ ልብስ እያወጣን እንወስድ ነበር። አንዱ እዚህ አይደርስም ይላል፤ ሌላው ነገ ነው ይላል። ደሴ ትልቅ ከተማ ነው፣ ደሴን ማንም አይነካውም የሚለው ወሬ ከሁሉም በረታ። ልጄ ደግሞ አረብ አገር አብራት የነበረች ሴት ደሴ ላይ ምግብ ቤት ከፍታ ነይና አብረን እንሥራ ብላታለች። ማደሪያም አለ። ይህን ስትነግረኝ፣ «ሕፃኗስ?» አልኳት።

«ሐሳቤ ይዣት ለመሄድ ነው» አለችኝ። «ግን እንደ ዕቃ ጎትቼ አልወስዳትም። እናቷ መሆኔን ልቧ ካወቀ ትሄዳለች። ካላወቀ አንቺ ጋር ትቆይ፤ እኔም የሆነውን እሆናለሁ።»

የሆነውን እሆናለሁ ማለቷ ተመልሳ አረብ አገር መሄዷ እንደሆነ ገብቶኛል። ደላላው ደጋግሞ ይደውልላት ነበር። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በዚያች ሕፃን ላይ ወደቀ። ከእናቷ እጅ ምግብ አትወስድም፣ አጠገቧ አትተኛም፤ ጸጉሯን ልትሠራላት ስትጠጋ፣ «እማ ትሥራኝ» ትላለች። ልጄ ጸጉር መሥሪያውን ለኔ አቀብላኝ ትወጣለች። እኔም እቀበላለሁ።

ዶሮ በኮክ የመሥራት ሐሳብ ያን ጊዜ መጣ። በነሐሴ ኮክ ይበስላል። ከኛ አጥር ጋር የተያያዘው የጎረቤታችን ኮክ ቅርንጫፉ ወደኛ ግቢ ያዘነብላል። ልጄ አንድ ጠዋት ቀና ብላ አየችውና ስለ አረብ አገር ነገረችኝ። ለነሱ ይህ ወር በጋ ነው፤ ሙቀቱ እንደ እሳት ነው፤ ከባድ ምግብ አይወዱም። እመቤቷ ዶሮን ከነቆዳው ጠብሳ፣ ኮክ ቆራርጣ፣ ሎሚና ትንሽ ማር ጨምራ ከሩዝ ጋር ታቀርባለች። ሥራውን ልጄ ለመደችው። የቤቱ ትንሿ ልጅ ከኛዋ ጋር እኩያ ነበረች፤ ምግብ እምቢ ስትል እመቤቲቱ ልጄን ትጠራታለች። ልጄ ያንን ዶሮ ትሠራላታለች፤ በእጇ ታጎርሳታለች፤ ትበላለች።

ቆዳውን ጠቅሳልኝ ነበር ማለት ነው። ከነቆዳው ጠብሳ ብላለች። አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት። ያን ጊዜ የሰማሁት ሌላውን ነበር፤ የሌላ ሰው ልጅ በልጄ እጅ ስትጎርስ ማደጓን።

ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። ልጄ ኮክ ልትለምናት ስትሄድ አብሬ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«ዶሮ በኮክ?» አለች። «እንግዲህ በጉንም በሙዝ አድርጉት።»

ልጄ፣ «እማማ፣ ጾም ባይሆን አቀምስዎ ነበር» አለቻት።

«ጾም ባይሆንስ የናንተን እርድ ማን አስበላኝ? ይልቅ ኮኬ ዛሬ እናንተ ድስት ውስጥ ገብቶ ሊሰልም ነው።»

«አብሽሩ እማማ፣ ዘሩን እንመልስልዎታለን፤ እሱ ክርስቲያን ሆኖ ይቀራል።»

ሦስታችንም ሳቅን። ልጄ ከመጣች እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ጎረቤቴ የበሰለውን እየመረጠች እንድትለቅም ልጄን አስቀረቻት፤ እኔ ባለቤቴ ሳይወጣ ዶሮውን እንዲያርድልን ቀድሜ ተመለስኩ። እሱ በዚያን ጊዜ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ኬላ እየጠበቀ ነበር፤ ቤት የሚገኘው ለምግብና ለእንቅልፍ ብቻ ነው። ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር ብሎ አረደልኝ፤ እጁን ታጥቦ ጋቢውን ለብሶ ወጣ።

ዶሮውን ይዤ ተቀመጥኩ። ነጨሁት፣ ለበለብኩት። ቀሪው እጄ የሚያውቀው ሥራ ነው። ልጄ ኮኩን በቀሚሷ ታቅፋ ስትገባ ዶሮው ነጭ ሆኖ፣ ብልት ብልቱ ወጥቶ፣ ሎሚው ውስጥ ተቀምጧል። ጨርሼልሻለሁ፣ አንቺ መሥራት ብቻ ነው አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ቆዳውስ?»

«ገፈፍኩት እንጂ። ለድመቷ ሰጠኋት።»

ኮኩን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። «እሷ የምትወደው እኮ ቆዳውን ነበር» አለች።

«ማን?»

«ልጅቷ።»

«የትኛዋ ልጅ?»

 ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ። አንድ ዶሮ ነበር ያለን፤ ሌላ ልግዛልሽ ብላትም፣ «አይ፣ ይበቃል፤ እንደምንም ይሆናል» አለችና ከሰሉን ማያያዝ ጀመረች።

አልሆነም። ዘይቱን አግላ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ አድርጋ ዶሮውን ስትጨምረው ወዲያው ድስቱን ያዘው። ቆዳው ኖሮ ቢሆን ስቡ ራሱ ይቀባው ነበር፤ አሁን ግን ሥጋው ባዶውን ነው። በማማሰያ ስታላቅቀው ይቆረሳል። ኮኩ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ለሁለት ተከፍሎ፣ ቅርጹን እንደያዘ ለብ ብሎ እንዲወጣ። እንዳያርርባት ስትል ኮኩን ቀድማ ጨመረችው፤ በኮኩ ውኃ ለማዳን ነው። ክዳኑን ገጠመች፣ ዳቦ እንደምንጋግረው ከላይም ፍም አደረገች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እንደ ጥፋተኛ ሩዝ እለቅማለሁ። አንድ ጊዜ አላስችል ብሎኝ፣ ትንሽ ሽንኩርት አቁላልተን በርበሬ ጣል ብናደርግበት ይነሣል አልኳት።

«ተይኝ እማ» አለችኝ። በቁጣ አይደለም፤ በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሲከፈት ኮኩ ሟሙቶ እንደ ገንፎ ሆኗል፤ ሥጋውም ውስጡ ገብቶ ተበታትኗል። ሽታው ግን ደስ ይል ነበር፤ ቀረፋም አድርጋበታለች። ሩዙ ላይ ገልብጣ በትልቁ ትሪ አቀረበችው። ባለቤቴ ከኬላ መጥቶ እጁን ታጠበና አየው። ዶሮ ሲሠራ ፈረሰኛው የሱ ነው፤ በዓይኑ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ብልቱን የሚለይበት አጣ። «ይኼ ዶሮ ነው ወይስ ማርማላታ?» አለ። እኔ በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ቀመሰና ደግሞ ጎረሰ፤ ኧረ ይበላል፣ ጥርስ ለሌለው ሰው የተሠራ ነው ብሎ ልጄን አሳቃት። የሚያክም ቃል ያለው አባት ነው፤ እኔ የለኝም።

ከዚያ ልጄ ጉርሻ አዘጋጀች። ሩዙን በጣቶቿ አጠጋጋች፣ ከኮኩ ትንሽ፣ ከሥጋው ትንሽ፤ እንዳያቃጥል እፍ አለችበት። እንዴት ለምዳዋለች ብዬ አየኋት። ለስንት ጊዜ ለሌላ አፍ ስታዘጋጅ ኖራለች። «ነይ፣ የኔ ዓለም» አለቻት።

ሕፃኗ አፏን በመዳፏ ያዘች። ልጄ እጇን ዘርግታ ጠበቀች።  ባለቤቴ ዓይኑን ወደ ትሪው ጣለ። ሕፃኗ ወደኔ ዞረችና፣ «እማ፣ አንቺ አጉርሽኝ» አለች።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን እንደሆነው ልናገር። እጄን ወደኋላ መሰብሰብ ይቻለኝ ነበር። ከእናትሽ እጅ ብዪ፣ እናትሽ ናት ማለት ይቻለኝ ነበር። ሆዷ ባዶ ነው፣ ጠዋት በደንብ አልበላችም አልኩ በልቤ፤ አጎረስኳት። አላመጠች፣ ዋጠች፣ «ይጣፍጣል» አለች፤ ድገሚኝ አለች። ውስጤን አንድ ነገር ሞቅ አደረገው። የልጄን እጅ እያየሁ ነው የሞቀኝ። ልጄ ጉርሻዋን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ትንሽ ያዘችው፤ ከዚያ ራሷ ጎረሰችው።

ድስቱን ልጠብ ብላ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። በአመድ እያሸች፣ ቀና ሳትል፣

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «እትዬ በያት ያልሻት ያ ሕፃን እንደታመመው እንዳትታመም ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

«እሱ ብቻ ነው?»

ወላሂ እሱ ብቻ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። መማሉን ተውኩት። በሐሰት አልምልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈራው ነገር ነው።

«መጀመሪያ እሱ ብቻ ነበር» አልኳት። «በኋላ ሌላም ሆነ።»

ራሷን ነቀነቀች። ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ድስቱን አገላብጣ አየችውና፣ «እኔም እዚያ አንድ ቀን ልጅቷ ማማ ስትለኝ ዝም ብያታለሁ» አለች። «እናትየዋ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። በነጋታው እኔ እንዳላጎርሳት ከለከለችኝ። ያኔ ክፉ ሴት ናት ብዬ ነበር።»

 እኔን ይቅር ማለቷ ይሁን፣ መክሰሷ ይሁን አላወቅኩም። ሁለቱም ይሆናል።

በማግስቱ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፤ ልጄም አጠገባችን ነበረች። ቃሉን ከአፌ ማውጣት እንደ ጥርስ መንቀል ከብዶኝ ነበር። እትዬ የምትያት እትዬሽ አይደለችም፣ አንቺን የወለደችሽ፣ ጡት ያጠባችሽ እሷ ናት፤ ሥራ ሄዳ ነው፣ አሁን መጥታለች፤ እማ ማለት እሷን ነው አልኳት። ሕፃኗ እሷን አየች፣ እኔን አየች።

«አንቺስ ማነሽ?» አለችኝ።

 «እኔ የእማሽ እማ ነኝ» አልኳት። ቀልድ የነገርኳት መስሏት ሳቀች። ቆይታ ደግሞ አያቷ ዘንድ ሄዳ እማ ሁለት ይቻላል ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱም ምን ችግር አለው፣ በሬም የሚጠመደው ሁለት ሁለት ነው አላት። በሱ መልስ ረካች።

ቃሉ ግን በአንድ ቀን አልተሻገረም። እትዬ ትላታለች፤ ታርማለች፤ ደግሞ ትረሳለች። አንዳንዴ ሁለታችንንም ላለመጥራት ዝም ብላ ቀሚሳችንን ትጎትታለች። ልጄ አላስቸኮለቻትም። ኮክ እየላጠች፣ ዘሩን እያወጣች በሰሃን ታስቀምጥላታለች፤ ሕፃኗ መጥታ ታነሣለች። ሥጋ አልነበረበትም፣ ጉርሻም አልነበረም። ከሰሃን አነሣች፣ በኋላ ከእናቷ መዳፍ አነሣች። እኔ ያን ሰሞን የሌለኝን ሥራ እየፈጠርኩ ከቤት እወጣ ነበር። ትምህርት ቤት ለተፈናቃዮቹ ውኃ አደርሳለሁ፤ ሰው ጎበዝ ሴት ሲለኝ አፍሬ እመለሳለሁ።

አንድ ከሰዓት ሁለታችንም ደጅ ነበርን። ሕፃኗ ስትሮጥ ጭቃው አዳለጣትና በግንባሯ ተደፋች። «እማ!» ብላ ጮኸች። ሁለታችንም «ወዬ» አልን። ሁለታችንም ተነሣን። እኔ ቅርብ ነበርኩ። የበሩን መቃን በእጄ ያዝኩና ቆምኩ። ልጄ አልፋኝ ሄዳ ከጭቃው አነሣቻት፣ አቀፈቻት፤ ሕፃኗም ጭቃ የሞላ ፊቷን አንገቷ ውስጥ ቀበረች። የጠራችው እኔን ይሁን እሷን አልተጠየቀችም። ያነሣት ሰው እማ ሆነ።

ያን ቀን መቃኑን መያዜን ልጄ አይታለች።  እኔ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መቆም እንጂ መሥራት አይደለም።

ደሴ የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ሱብሂ ከሰገድኩ በኋላ እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደረግኩ። መንገዱን አማን አድርግላቸው ብዬ ጀመርኩ። መኪና እንዳያገኙ ብዬ ጨረስኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። መንገዱ ያስፈራል፣ ወሬው ብዙ ነው፣ ቢቀሩ ለነሱም ይሻላል እያልኩ ለራሴ አስረዳሁ። ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ መኪና የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። አጠገባችን አንዲት ተፈናቃይ ሴት ሁለት ልጆቿን ማዳበሪያ ላይ አስቀምጣ ቆማለች። ከየት እንደመጣች ሳልጠይቃት ነገረችኝ፤ ሌሊቱን በእግር እንደመጡ፣ ደሴ ዘመድ እንዳላት፣ ከትናንት ጀምሮ የሚጭናት እንዳጣች። «ዱዓ አድርጊልኝ፣ እናቴ፤ መኪና ይስጠኝ» አለችኝ። ፊቷን ማየት አቃተኝ። አሚን አልኩ።

ሚኒባሱ መጣ። ተጋፍተው ገቡ፤ ሴትየዋም ልጆቿን አቅፋ ገባች፤ ልጄ አንዱን ልጅ ተቀብላ ጭኗ ላይ ከኛዋ ጋር አስቀመጠችው። ሕፃኗ በመስኮቱ እጇን አወጣችልኝ፤ ያዝኩት፤ ለስላሳ ነበር፣ ኮክ ኮክ ይሸታል። ልጄ፣ «አትጨነቂ፣ እማ» አለችኝ። ሕፃኗም ተከትላ፣ «አትጨነቂ፣ እማ» አለችኝ። ከዚያም እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ተሳስቻለሁ ወይ ለማለት ይመስለኛል። ልጄ ጭንቅላቷን ሳመቻት።

ጦርነቱ ዘግይቶ እኛም ደጅ ደረሰ፤ ማንም አይነካውም ያልነው ደሴም አልቀረም። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። ያን ጊዜ ግን ደህና መሆናቸውን የሚነግረኝ አልነበረም። ስልክ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፤ እኔና ባለቤቴ በራችንን ዘግተን ቁጭ አልን። ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እዚያም እንዲሁ ይሆናል እላለሁ፤ ሕፃኗ ትደነግጣለች፣ ትጮኻለች፤ ግን የምትጠራው ሰው አጠገቧ አለ። ከእናቷ ጋር ባላስተዋውቃት ኖሮ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ እትዬ ከምትላት ሴት ጋር ነበረች። ይህን እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

እውነቱን ካልጻፍኩ ግን መጻፉ ምን ይሠራል? በዚያ ተኩስ መካከል፣ ሞትና ሕይወት በማይለይበት ሰዓት፣ አንድ ሐሳብ ሾልኮ ይመጣብኝ ነበር። እማ ብላ ስትጮኽ በልቧ የምታየው የኔን ፊት ቢሆንስ? ይህን ሳስብ እንደዚያ ቀን፣ ትሪው ፊት እንደሆንኩት፣ ውስጤ ሞቅ ይላል። አስተግፊሩላህ እላለሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አስበዋለሁ።